ከባሕሩ በላይ አሥር ሜትር

የሻምበል አስናቀን መሞት የሰማሁት በቫይበር ነው። ዩኒየን ሲቲ ከምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ለምሳ ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት ፎቷቸው ፊቴ ድቅን አለ። በሱፍና በከረባት ሆነው፣ ከበስተጀርባቸው ባንዲራ ተለጥፎላቸው። ከሥሩ «አገራቸውን በጀግንነት ያገለገሉ ተዋጊ አብራሪ» ይላል፤ ከዚያ የቀብሩ ቀንና ሰዓት። ቀጥሎ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶችና የተጋጠሙ መዳፎች፣ «ነፍስ ይማር» በሰልፍ። ሻምበል ይህን ቢያዩ ኖሮ ያችን «በጀግንነት» የምትለውን ቃል በጥፍራቸው ይፍቋት ነበር። እኔ ግን እንደ ሰው ሁሉ ሁለት መዳፍ ልኬ ሳንድዊቼን በላሁ። የኔ ነገር ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ ማወቅ እንጂ መናገር ሆኖልኝ አያውቅም።

ሻምበልን ያወቅኳቸው በፈረንጆቹ 2006፣ በዲቪ መጥቼ ሦስት ወር ሳይሞላኝ ነው። ኦክላንድ ዳውንታውን አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ ተቀጠርኩ። ያን ጊዜ እዚያ ከተማ ቲኬት የሚቀበለው ሰው ሐበሻ ካልሆነ ደንበኛው ራሱ ግራ ይገባው ነበር። ሥራውን እንዲያሳዩኝ የተመደቡት ሻምበል ናቸው። ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ቀጭን፣ በየጠዋቱ ተላጭተው የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ከወገብ በታች ማንም በማያይበት ጠባብ የገንዘብ መቀበያ ክፍል፣ ቡዝ ውስጥ ለመቀመጥ ጫማቸውን በየቀኑ ይወለውሉ ነበር። «ማን ሊያየው ነው ሻምበል?» ብላቸው «እኔ አየዋለሁ» አሉኝ።

ከሁሉ በፊት የሳቅኩባቸው በአነጋገራቸው ነው። የነገሯቸውን ነገር ሁሉ ደግመው ሳይመልሱ አያልፉም። «ሻምበል፣ አምስት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ልሂድ?» ስላቸው፣ ፊታቸው ሳይፈታ «አምስት ሰዓት፣ ሽንት ቤት። ተቀብያለሁ» ይሉኛል። በሬዲዮ የለመዱት ነው። የተነገረህን ደግመህ ካልመለስክ አልሰማህም ማለት ነው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ አለመስማት ያስቀብራል ይሉ ነበር። ስለ ሰማይ የተናገሩት ከዚህ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያን ያገኟቸው ሰዎች «እስቲ የጥንቱን አጫውቱን» ሲሏቸው ሰዓታቸውን አይተው ይነሳሉ። በየዓመቱ በጥቅምት የጦር ጄቶች ለትርዒት ቤይ ኤሪያ ሰማይ ላይ ሲያጓሩ፣ እኛ ጣሪያው ላይ ለማየት ስንሽቀዳደም፣ ሻምበል በአሳንሰሩ ወደ ታችኛው ምድር ቤት ይወርዱና ጄቶቹ እስኪሄዱ እዚያ ይቀመጣሉ። ጆሯቸውን ያማቸዋል ብለን ነበር።

አንድ ተረትና ምሳሌ ሲሰሙ ብቻ ይቆጡ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲባል። አንድ ቀን እኔ አምልጦኝ ብል «ማን ነው ያለው?» ብለው አፈጠጡብኝ። «እውነት ሲያድር አይጠራም። እንደ ወጥ ነው፤ ሲያድር ይሻግታል።» ምን እንዳስቆጣቸው ስላልገባኝ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ጣሪያው ላይ ጄቶቹን ለማየት ከሁላችን ቀድሞ የሚገኘው ጋሽ ገብረዝጊ ነበር። የአስመራ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ግን ከእኔ የተሻለ ይናገራል። ከሻምበል አምስት ስድስት ዓመት ይበልጣል። እርስዎ ስለው ተቆጣኝ፤ «እርስዎ ለመኮንን ነው፣ እኔ መካኒክ ነኝ፣ አንተ በዪኝ» አለኝ። ሥራው ደንበኞች የሚያስረክቡትን መኪና ፎቅ ላይ ወስዶ ማቆም ነው። ጄቶቹን ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ነበር የሚከታተላቸው። «የሦስተኛው ሞተር ደህና አይደለም» ብሎ ሲጨነቅ፣ የሰው አገር ጄት ነው ብለን እንስቅበታለን።

ጋሽ ገብረዝጊ ያቆመውን መኪና የእጅ ፍሬን ሦስት ጊዜ ሳይነካ አይሄድም። ይሄዳል፣ ደረጃው ጋ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ በመስኮቱ ያያል። በምሳ ሰዓት ሳንጠይቀው የእኛን መኪኖች የጎማ ብሎን በራሱ መፍቻ እየዞረ ያጠብቃል። ያጠበቀውን በማግስቱም ያጠብቃል። «ጋሽ ገብረዝጊ የሬሳ ሣጥኑንም ብሎን ከውስጥ ሆኖ ነው የሚያጠብቀው» እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ አብሮን ይስቃል። ሻምበል ብቻ አይስቁም። አንዴ ከመኪናቸው ጎማ ሥር ተንበርክኮ ሲያዩት፣ ቲኬት የሚቆርጡበት እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ ደንበኛው «ሄሎ?» እስኪል ድረስ ቆሙ።

ጋሽ ገብረዝጊ ታሪኩን የነገረኝ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ምሳችንን ስንበላ እንደ ዋዛ።

«የነዳጅ ቧንቧ መጋጠሚያ አለች፣ ይህችን የምታህል» አለኝ የትንሽ ጣቱን ጫፍ እያሳየኝ። «በደርግ ጊዜ ነው። ያን ጠዋት ያጠበቅኳት እኔ ነኝ። ፈርሜ አውሮፕላኑን አስረከብኩ። ሁለት ጄቶች ወጡ፣ አንዱ ብቻ ተመለሰ። መቶ አለቃ ዳንኤል የሚባል ልጅ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ቀረ። የተመለሰው አብራሪ ‹ሞተሬ ጠፋ ብሎ ጠራኝ፣ ከዚያ ወደቀ› አለ። አውሮፕላኑን ማን ነካው? ገብረዝጊ። ገብረዝጊ የየት አገር ሰው ነው? አለቀ፣ ሌላ ምን ይጠየቃል?»

አራት ዓመት ከሰባት ወር ታሰረ። ሆን ብሎ እንዳበላሸ አስፈረሙት።

«በዱላ ነው የፈረምኩት። እሱ አያስጨንቀኝም፤ ሆን ብዬ አላደረግኩም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን አንድ ቀን እስር ቤት ተኝቼ ራሴን ጠየቅኩ። በርግጥ አጥብቄያታለሁ ወይ? ያን ሰሞን ልጄ ሰናይት ሕፃን ነበረች፣ ታማብን እንቅልፍ አልነበረኝም። እጄ መፍቻውን ሲይዝ ይታየኛል፣ ሲያዞር ግን አይታየኝም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ይኸው ስፈልጋት። የፈረምኩት በዱላ ነው ሰብሊ፤ ያመንኩት ግን በራሴ ነው።»

ለመናገር ያህል «ሌላኛው አብራሪስ የት ደረሰ?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? ሻምበል ናቸዋ!»

ለካ ወደዚህ ሥራ ያስገባቸው እሱ ራሱ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አያቸው፤ ሰው ፊት ጉልበታቸው ላይ ወድቆ «ስለዚያ ልጅ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ሻምበል አነሱት። «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉት። ሥራ ፈላጊ መሆናቸውን ሲሰማ በሳምንቱ ለማናጀሩ ነግሮ አስቀጠራቸው። «በይ እንግዲህ፣ እንደ ወንድማቸው የሚወዱትን ጓደኛቸውን የገደልኩባቸው ሰው፣ አብረውኝ ሲሠሩ አንድ ቀን ፊታቸውን አጥቁረውብኝ አያውቁም» አለኝ፣ ምሳ ዕቃውን እየከደነ። ከደነው፣ ከፈተው፣ እንደገና ከደነው።

እኔም ሞኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻምበልን ይበልጥ አከበርኳቸው። እንዲህ ያለ ይቅር ባይ ሰው አጠገብ መሥራቴ ዕድል ነው አልኩ። ሻይ ሲያምራቸው ሳይጠይቁኝ አመጣላቸዋለሁ። ስመለስ «ሻይ፣ አንድ። ተቀብያለሁ» ይሉኛል፤ እስቃለሁ።

ነገሩ የወጣው በ2014 ነው። በእረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ዜና እያሳየ ነበር። የሩሲያ ጄቶች በአሜሪካ የጦር መርከብ አጠገብ ዝቅ ብለው ደጋግመው አለፉ ይላል። ከመርከቡ ላይ የተነሣ ፊልም ነው፤ መርከበኞቹ ቆመው ያያሉ፣ ጄቱ ከባሕሩ ላይ ተጎትቶ የወጣ ይመስል በጎናቸው ሽው ይላል። ክፍሉ ውስጥ አምስት ስድስት ነበርን። ከካሸሮቹ አንዱ አጨበጨበ።

«ወንድ ማለት ይሄ ነው! መርከቡን ላጨው እኮ!»

«ድገመው፣ ድገመው» አለች ሌላዋ። ዜናውም እንደሰማት ደገመው።

ጋሽ ገብረዝጊ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ያይ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወደ ሻምበል ዞረና ቀስ ብሎ «እንዲህ ዝቅ ብለው ሲሄዱ እንኳ ሞተራቸው አልከዳቸውም። መካኒኩ ምንኛ የታመነ ሰው ቢሆን ነው፣ ሻምበል?» አላቸው።

ሻምበል የያዙትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። ተራቸው ደርሶ ወደ ቡዙ ሳይመለሱ ሲቀሩ ፍለጋ የሄድኩት እኔ ነኝ። ታችኛው ምድር ቤት፣ ጄቶቹ ሲመጡ የሚቀመጡበት ቦታ፣ በመኪና ማቆሚያው የሲሚንቶ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ጥቅምት አልነበረም። አሟቸው መስሎኝ እጃቸውን ስይዝ እጄን ሳይለቁ ነገሩኝ።

«ሞተሩ አልጠፋም» አሉኝ። «እስከ መጨረሻው እየሠራ ነበር።»

ከቅኝት ሲመለሱ ነው። ትእዛዝ የሰጣቸው የለም፣ ጦርነትም ከመርከቡ ጋር የላቸውም። የሌላ አገር የጦር መርከብ ነው፣ የራሱን መንገድ የሚሄድ። መሪው ሻምበል ናቸው፣ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዳንኤል ሃያ አራት። «ሰላም እንበላቸው» አሉት በሬዲዮ። በመጀመሪያው ዙር ሻምበል ዝቅ ብለው በመርከቡ ጎን ሲያልፉ መርከበኞቹ ጎንበስ ጎንበስ አሉ። ዳንኤል ከላያቸው ራቅ ብሎ አለፈ።

«ሳቅኩበት» አሉኝ። «‹እዚያ ላይ ሆነህ ማንን ልታስፈራ ነው? እናትህ ጋ ተመለስ፣ ቀሚሷ ውስጥ ግባ› አልኩት። አልመለሰልኝም። ያልኩትን ደግሞ አልመለሰም፣ አየሽ። በሁለተኛው ዙር ከሥሬ ሲገባ አየሁት። ከባሕሩ አሥር ሜትር ቢሆን ነው። ባሕሩ ያን ቀን ዘይት ነበር፣ ሞገድ የለም፤ እንዲህ ሲሆን ውሃው የት እንደሚጀምር ዓይን አይለይም። ከመርከቡ ሊዞር ሲጋደም የክንፉ ጫፍ ነካ። በቃ። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።»

ነዳጃቸው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ዞሩ። መርከቡ ቆሞ፣ ቅድም የቀለዱባቸው ሰዎች ጀልባ አውርደው ዳንኤልን ሲፈልጉ ከላይ አዩ። አላገኙትም።

«ስመለስ ምን ልበል? ያለ ትእዛዝ ሄድኩ፣ በስድብ ልጅ ገደልኩ ልበል? ለማረፍ ጎማ ሳወርድ ነው ያሰብኳት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሞተሬ ጠፋ ብሎ ጠራኝ። የሚነካው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ብረት ነው የወነጀልኩት፣ ብረት። በሦስተኛው ቀን ገብረዝጊን እጁን አስረው ሲወስዱት በመስኮት አየሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማዕረግ ተጨመረልኝ።»

እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። ያን ያህል የማከብራቸውን ሰው እንደዚያ ስጠላቸው ራሴ ደነገጥኩ። «ይነግሩታል» አልኳቸው። «ያ ሰውዬ በየቀኑ የማንንም መኪና ጎማ እያጠበቀ ነው! ነገ ይነግሩታል።»

«ነገ እነግረዋለሁ። ተቀብያለሁ።» ቀጥለውም «አንቺ ግን እንዳትቀድሚኝ። ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለበት። ቃል ግቢልኝ» አሉኝ።

ቃል ገባሁ። በነጋታው ፋሲካ ደርሷል፣ በበዓል አይነገርም አሉ። ከፋሲካ በኋላ የጋሽ ገብረዝጊ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ነበረው፣ በደካማ ጎኑ አይሆንም። ከዚያ ሰናይት ልታገባ ነው፣ የአባት ደስታ አይረበሽም። ሰበብ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? በየሰኞው ወደ ቡዛቸው አይቼ ዓይኔን ሳጉረጠርጥ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አልነገርኩትም ማለት ነው። እኔስ? እኔ አፍ የለኝም? አንድ ቀን ጋሽ ገብረዝጊ የመኪናዬን ብሎን እያጠበቀ አጠገቡ ቆሜ፣ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ደርሶ መልሼ ዋጥኩት። የሽማግሌ ገመና በልጅ አፍ አይወጣም ተብዬ ነው ያደግኩት። ለሰው ክብር ተጠንቅቄ ሰው አቃጠልኩ። አሁን ሳስበው ሻምበል የዋሹት አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «ደህና አደርክ ጋሽዬ» ባልኩ ቁጥር ዋሽቼዋለሁ።

በዚያ መሀል ጋሽ ገብረዝጊ መኪና ይጠፋበት ጀመር። አምስተኛ ፎቅ አቁሞ ሦስተኛ ላይ ይፈልጋል። ሳቅን። ቀጥሎ ቁልፍ ኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ደንበኛው ፖሊስ ጠራ። ያኔ መሳቃችንን አቆምን። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ቡዞቹን ነቅሎ ማሽን ተከለ፣ ሁላችንም ተበተንን። ሰናይት አባቷን ሳን ሆዜ ወሰደችው። ሥራዋ ስለማያስችላት ከቤቷ አምስት ደቂቃ የሚርቅ፣ ስድስት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አስገባችው።

ሻምበል ይህን ሲሰሙ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ውሰጂኝ» አሉኝ። ጫማቸው እንደ ድሮው ያበራል።

ጋሽ ገብረዝጊ ጓሮ ውስጥ ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አወቀን። ሻምበልን ሲያይ ሊነሣላቸው ሞከረ፤ እሳቸው ግን ከፊቱ ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ሰናይት ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ሻምበል ሁሉንም ነገሩት፤ መርከቡን፣ ስድቡን፣ አሥር ሜትሩን፣ ዓረፍተ ነገሯን። ጋሽ ገብረዝጊ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ፊቱ ንቁ ነበር፣ አንድም ቃል አላመለጠውም።

«መጋጠሚያዋ ጠብቃ ነበር?» አለ።

«ጠብቃ ነበር።»

«ሞተሩ?»

«እስከ ውሃው ድረስ እየሠራ ነበር። ሥራህ ሙሉ ነበር፣ ገብረዝጊ።»

ሁለት እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ አያቸው። እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጦ አያቸው። ከዚያ ጮኾ አለቀሰ፤ ሰናይትን በትግርኛ ጠርቶ አንድ ነገር አላት፣ እሷም ብርጭቆውን ጥላ መጥታ አቀፈችው። እኔ አጥሩ ጋ ሄጄ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዘገየ እንጂ አልቀረም አልኩ። ሻምበል ከሣሩ ላይ አልተነሡም።

ሻይ መጣ። ጠጣን። ጋሽ ገብረዝጊ ብስኩቱን በሻዩ እያጠቀሰ በላ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ሻምበልን አያቸውና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሻምበል» አላቸው፣ «ስለዚያ ልጅ ይቅር ይበሉኝ።»

ሻምበል በየቅዳሜው መሄድ ጀመሩ። በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደው፣ ተንበርክከው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነግሩታል። አንዳንዴ ይቅር ይላቸዋል። አንዳንዴ ፊቱን ያዞርባቸዋል። አንድ ቅዳሜ በምርኩዙ ግንባራቸውን ፈነከታቸው፤ ሦስት ስፌት ተሰፉ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ደወሉልኝ። «ዛሬ አንተ አለኝ» አሉኝ። «በሕይወቱ እርስዎ እንጂ ብሎኝ አያውቅም። ‹ለምን ያኔ አልነገርከኝም አንተ?› አለኝ።» በደስታ ነው የነገሩኝ፤ ከሹመት የሚበልጥ ነገር እንዳገኘ ሰው። ታዲያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲደርሱ እንደገና እርስዎ ሆነዋል፣ እንደገና ይቅርታ እየተጠየቁ ነው።

አምስት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ ሰናይት በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ያን ቀን ያደረስኳቸው እኔ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

«ሻምበል፣ ለምን እንደሚመጡ አንደርስታንድ አደርጋለሁ» አለቻቸው። «ግን እርስዎ ከሄዱ በኋላ እስኪተኛ ያለቅሳል። ለምን ታለቅሳለህ ስለው አያውቀውም። ዶክተሩ ነገሩን ይረሳዋል፣ ስሜቱ ግን አብሮት ይቀራል ነው ያለኝ። እኔም ትራይ አድርጌያለሁ፣ ‹ዳድ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም› እለዋለሁ። ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሕፃን ነበርሽ› ይለኛል። ከእርስዎ ካልሆነ ከማንም አያምንም፤ ከእርስዎ የሰማውን ደግሞ አይዘውም። ምን ላድርግ? ፕሊስ፣ አይምጡበት።»

ሻምበል ኮፍያቸውን አወለቁ። «አልመጣም» አሉ። «ተቀብያለሁ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ኖሩ፤ መኖር ከተባለ። ኦክላንድ አንዲት ክፍላቸው ውስጥ ልጠይቃቸው ስሄድ ጢማቸው አድጎ፣ በነጠላ ጫማ አገኛቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአልጋ አይወርዱም ነበር። አንድ ቀን ልብሳቸውን እያጠፍኩላቸው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ» አሉኝ። «የኔ ሁለት ቃል ነው ከአፍ የወጣ። በአንዱ ዳንኤል ሞተ፣ በሌላው ገብረዝጊ። ሌላ ሁሉ ዝምታ ነው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት። ለመናገር ሠላሳ ስድስት ዓመት ጊዜ ነበረኝ እኮ፣ ሰብሊ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።» አጽናናኋቸው ለማለት ደስ ይለኝ ነበር። ምን ብዬ? እሳቸው እውነቱን ነው የተናገሩት። ልብሱን አጥፌ ስጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ። ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ገቡ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ጀግንነታቸው ተነገረ። ባንዲራውም ነበረ።

ሰናይት ማምሻውን ኮል አደረገችልኝ። አባቷ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር «ሻምበል ዛሬም ቀሩ?» እያለ በሩን እንደሚያይ ነገረችኝ። ነገሩን ረስቶታል፣ ሰውየውን ግን አልረሳም። ሊነገረው ይገባል፤ በስልክ ደግሞ መርዶ አይነገርም፣ እንደ ወጉ በጠዋት ሄደን እንንገረው አለች። በነጋታው ከፀሐይ በፊት ተነሥቼ ሳን ሆዜ ነዳሁ። መንገድ ላይ ለራሴ ምያለሁ፤ ዛሬ እኔ እነግረዋለሁ። ቢያምንም ባያምንም፣ ለአንድ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን እጁን እንዲያምን አደርገዋለሁ። ለሻምበል የገባሁት ቃል ከሻምበል ጋር ተቀብሯል።

ጋሽ ገብረዝጊ ታጥቦ፣ ሹራብ ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። በጠዋት ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያይ ገባው፤ ይህን አልረሳም። «ማን ነው?» አለ።

«ሻምበል አስናቀ አረፉ፣ ጋሽዬ» አልኩት።

አላለቀሰም። በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ መሬት መሬት አየ። እኔ ትንፋሼን ሰብስቤ ልጀምር ስል ቀደመኝ።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለ። «ልጁን የገደልኩባቸው እኔ መሆኔን እያወቁ፣ ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እንደሳቸው ያለ ሰው አሁን ከየት ይገኛል?»

ሰናይት ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ ገብረዝጊ መልሴን እየጠበቀ አየኝ። ዓይኑ ንጹሕ ነበር፣ ያመነ ሰው ዓይን።

«አዎ፣ ጋሽዬ» አልኩት። «ደግ ሰው ነበሩ።»